የጉረኛው ሞዞ

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ ጠዋት

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ፣ ጉልበቴና ጣቶቼ እንደ ልማዳቸው ከሚያጉረመርሙት በቀር፣ ደህና ነኝ። ሚስትህም ደህና ናት። «ሚስትህ» ማለቴን ልብ በልልኝ፤ ሌላ መጠሪያ እስካገኝላት ድረስ በዚሁ እቀጥላለሁ።

በስልክ ያልከኝን ሰምቻለሁ። መስመሩ ይንኮሻኮሽ ነበር፣ ጆሮዬም የዱሮው ጆሮ አይደለም፤ ያ ቃል ግን አላመለጠኝም። እዚያ ወደብህ ላይ ሌላ ጎጆ መቀለስህን ነገርከኝ፣ እንደማትመለስም ነገርከኝ፣ ከዚያ «ለእሷ አንተ በዘዴ ንገራትና ወደ ቤተሰቦቿ ትሂድ» አልክ። ልመልስልህ አፌን ስከፍት «ካርድ አለቀብኝ» ብለህ ጠፋህ። ካርዱ ልክ በሰዓቱ የሚያልቅለት ሰው ዕድለኛ ነው። ስለዚህ በደብዳቤ መጣሁብህ። ደብዳቤ ካርድ አያልቅበትም፤ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ።

ቃልህን ነገርኳት ወይስ አልነገርኳትም? እዚያ እንደርሳለን። መጀመሪያ የጉረኛውን ጉዳይ ስማ። እሱን ሳትሰማ መልሴ አይገባህም።

ልጅ ሆነህ «ራሱ ሳይደርስ ድምፁ ይደርሳል» ብለህ «ጉረኛው» የሚል ስም ያወጣህለት ትራክተራችን ዛሬም አለ፤ በዚህ ሰፈር በዕድሜ የምበልጠው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ዘንድሮ እርሻ ሲጀመር መፍላት አመጣ። የባለ ቆቡን ማሳ ገና አጋምሰን ሳንጨርስ እንፋሎቱን ለቀቀው። ባለ ቆቡን ታስታውሰዋለህ፤ በየዓመቱ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠራን፣ በሠርጉ ቀን እንኳ ቆቡን አላወለቀም የሚባልለት ጎረቤታችን።

ቀረብ ብዬ ሳይ ነገሩ ገባኝ። የማራገቢያው ክንፎች የታሰሩበት እምብርት፣ እኛ መካኒኮች ሞዞ የምንለው፣ በሆዱ ዘይት ይይዛል፤ ሳይፋተግ እንዲዞር የሚያደርገው ያ ዘይት ነው። ዘይቱ ከኋላ በኩል እየሾለከ ክንፎቹ ላይ ይወርዳል፣ ክንፎቹ ደግሞ ወስደው ራዲያተሩ ላይ ይረጩታል። በላዩ ላይ የማሳው አቧራ ይለጠፍበታል። ራዲያተሩ ብርድ ልብስ የለበሰ መስሎ ነበር። ሌላውን አቀዝቅዝ የተባለ ዕቃ ራሱ ብርድ ልብስ ከለበሰ ምን ይደረጋል?

«አባባ፣ ይሄን ብረት ለቁርጥራጭ ነጋዴ ይስጡትና ይረፍ» አለኝ ባለ ቆቡ። «በዚህ ሳምንት ካልተነሳ ሌላ ትራክተር መጥራቴ ነው። ዝናቡ እኔን አይጠብቀኝም።»

እሱ ሌላ ከጠራ ሌሎቹም ይከተሉታል፤ ቤታችን የሚያድረው በዚያ ማረሻ እንደሆነ ላንተ አልነግርህም። ተጎትተን ቤት ገባንና በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ። ደረቴ ላይ ሁለት ነገር ነበር፤ አንዱ ሞዞው፣ አንዱ የአንተ ቃል። ሚስትህ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከስፌት ክፍሏ ብቅ አለች።

«አባባ፣ ምን ሆነው ነው ፊትዎ እንዲህ የጠቆረው?»

ከሁለቱ አንዱን ነገርኳት። የትኛውን እንደሆነ አንተው ገምት።

«ይፈታል?» አለች።

«ምኑ?»

«ሞዞው ነዋ!»

«የሚፈታ እጅ ካለማ ምን ችግር አለው» አልኳት።

የእኔን ጣቶች አየች። ከሄድክ ወዲህ ብሶባቸዋል፤ መፍቻ ቀርቶ ማንኪያም የሚይዙት በልመና ነው። ቀጥላ የራሷን አየች። ከዚያ ሜትሩን ከአንገቷ አወለቀችና የጉረኛው መሪ ላይ ሰቀለችው። 

ልጄ፣ ቀጥሎ ያየሁትን እንዴት ልንገርህ! እኔ ሣጥን ገልብጬ ተቀመጥኩ። እኔ አፍ ሆንኩ፣ እሷ እጅ ሆነች። ከሁሉ በፊት ትርፍ ጨርቅ መሬት ላይ አነጠፈችና የሞዞውን መልክ በልብስ መስፊያ ጠመኔዋ ሳለችበት። የፈታችውን እያንዳንዱን ብሎን ሥዕሉ ላይ በየቦታው ታስቀምጠዋለች። እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ ሁሉንም አንድ ቆርቆሮ ውስጥ እየጨመርኩ፣ ስገጥም ደግሞ እየተራገምኩ የኖርኩ ሰውዬ ነኝ። አንተም በዚያ እርግማን ነው ያደግከው። ጨርቁን ሳይ ቆርቆሮዬን በእግሬ ገፋ አደረግኩት። 

አንዱ ብሎን አልፈታ አለ። «መዶሻ አምጪ» አልኩ፤ የእኔ መድኃኒት ምንጊዜም መዶሻ ነው። እሷ ግን ናፍጣ አንጠባጠበችበትና «ትንሽ ይስብ፣ ያኮረፈ ሰው ላይ አይጮኽም» ብላ ወደ ክፍሏ ሄደች። የአንድ ሸሚዝ ኮሌታ ሰፍታ ተመልሳ መጣች። ብሎኑ በሁለት ጣት ዞረ።

ተፈትቶ ሲታይ፣ ዘይቱን ማገት የነበረበት የኋላው ቀለበት ደርቆ እንደ ሳምንት ዳቦ ይፈረፈራል። እሱኑ በመሐረብ ጠቅልላ ዕቃ መሸጫ ሄደች። ሻጩ አገላብጦ አየውና «እህቴ፣ ይሄ ከሱቅ ሳይሆን ከሙዚየም ነው የሚጠየቀው» አላት አሉ። «ሙዚየሙ ዛሬ ዝግ ነው። እስቲ አንተ መሳቢያህን ክፈት» አለችው። የውስጡን ስፋት፣ የውጪውን ስፋት፣ ውፍረቱን እየለካች መሳቢያውን ሁሉ አስከፈተችው። በመጨረሻ ለውኃ መሳቢያ ሞተር የተሠራ የጎማ ቀለበት ልኩ ሆኖ ተገኘ። ሻጩ በማግስቱ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ያቺ ሴትዮ የማን ልጅ ናት?» አለኝ። «የእኔ» አልኩት። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ፤ ካመለጠኝ በኋላ ግን አላረምኩትም።

እኔ ቀለበቱን ከትተን እንገጥማለን ብዬ ነበር። እሷ ግን ቀለበቱ የሚያርፍበትን ዘንግ በጥፍሯ ዳሰሰችው።

«እዚህ ጋ ጥፍሬን ያዘኝ።»

«ምንም አይደል፣ እርጅና ነው» አልኳት።

«አባባ፣ አሮጌው ሲሽከረከር የበላው ቦታ ነው እኮ። አዲሱንም እዚያው ካስቀመጥነው በዚያችው ጉድጓድ ያፈሳል። የቁልፍ ቀዳዳው የተበላ ጨርቅ ሲመጣልኝ እኔ እዚያው ላይ አልሰፋም፤ ትንሽ ፈቀቅ እላለሁ። ይሄስ ፈቀቅ አይልም?»

ሣጥኔ ላይ ሆኜ አሰብኩ። ይላል! ከቀለበቱ በስተጀርባ ስስ የላሜራ ክብ ብንጨምርበት ወደ ውጪ ገፋ ብሎ ያልተነካ ብረት ላይ ያርፋል። በዚህ ሙያ አርጅቼ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። አፌ ላይ የመጣው «ጎበዝ!» ነበር፤ በረንዳው እስኪያስተጋባ ጮኼ አልኩት። ደስ አላትና ፊቷን ልትጠርግ ስትል አፍንጫዋን በዘይት ቀባችው።

ለክዳኑ ማሸጊያ ደግሞ ወፍራም ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ወረቀቱን ዘይት የነካው የክዳኑ አፍ ላይ ጣል አድርጋ በአውራ ጣቷ ዙሪያውን ስትጫነው፣ ቅርጹ ከነብሎን ቀዳዳዎቹ ራሱን አተመ። ከዚያ የቆረጠችው በምን መሰለህ? በመቀሷ! በዚያ ጨርቅ እንጂ ወረቀት አይንካው በምትለው መቀስ። አንድ ጊዜ ጋዜጣ ቆርጬበት ምን እንዳለችኝ ታስታውሳለህ፤ አንተ ከክፍልህ ሳቅህን አፍነህ ትሰማ ነበር። ለጉረኛው ሲሆን ራሷ በገዛ እጇ አደነዘዘችው። «መቀሱ» ብል፣ «ይሳላል» አለችኝ፤ ቆርጣ ጨረሰች።

ገጠምን፣ ዘይት ሞላን፣ አስነሳን። ጉረኛው ቀኑን ሙሉ አረሰ፤ አልፈላም፣ ሞዞውም ደረቅ ነበር። ኩራቱ ናላዬ ላይ ወጣና ባለ ቆቡን ማሳው መካከል አቁሜ «ከእኔ ቤት የወጣ ሞዞ ጠብ አይልም። አንዲት ጠብታ ከታየች ቆብህን አውልቄ እቀበልበታለሁ!» አልኩት። እሱ ቆቡን ያዘ። ሚስትህ ከሩቅ ሰምታ ሳቀች።

ትልቁ ስህተት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወጥቼ ሳይ ከሞዞው ሥር አንዲት ጠብታ አለች።  እንዲህ የለፋችበትን ሥራ «ያፈሳል» ብዬ በየት አፌ ልንገራት? መቀሷን ያደነዘዘችበትን? ጠብታዋን በእጅጌዬ ጠረግኩና በሻይ ብርጭቆ ዘይት አምጥቼ ጨመርኩበት። ደንቡ ክንፉን አዙረህ የመሙያው ቀዳዳ ወደ ጎን ሲሆን፣ እስከ ከንፈሩ ብቻ መሙላት ነው፤ ከላይ ለአየር ቦታ ይቀራል። ክንፉ ሲዞር ግን ማራገቢያውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ይጮኻል፣ እሷም ትሰማለች። ስለዚህ ቀዳዳው ወደ ላይ እንደቆመ አፉ ድረስ ሞላሁት። በማግስቱ ጠብታው ብሶ አገኘሁት። ጠረግኩ፣ ጨመርኩ። በሦስተኛውም እንዲሁ። ጠዋት ጠዋት አፌን ዘግቼ የምዞር ሌባ ሆንኩልህ።

ዓርብ ጠዋት ብርጭቆዬን ካፖርቴ ሥር ደብቄ ስወጣ ከጉረኛው ፊት ጎንበስ ያለ ሰው አየሁ። እሷ ናት! በእጇ የስፌት መኪናዋን ዘይት ማጠጫ ይዛለች፤ አፍንጫው ቀጭን ስለሆነ የሞተር ዘይት ሞልታበታለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኩ።

ደነገጠች። «እርስዎስ ምን ይዘው ነው?»

ስደነግጥ ብርጭቆው ተደፋና ካፖርቱ ላይ ፈሰሰ። ምንም የምንደብቀው አልቀረም። ለካ እሷም የመጀመሪያዋን ጠብታ አይታ ኖሯል። እኔ በባለ ቆቡ ፊት ያን ያህል ጉራ ነዝቼ እንዳላፍር ብላ፣ ማታ ማታ እኔ ራዲዮዬን ስከፍት ወጥታ ትጨምርበት ነበር። ሐሙስ ማታ ግን ልብስ ለደንበኛ ልታደርስ ሄዳ ስላመሸች ነው ወደ ጠዋት ያዛወረችው። እሷም ቺንጋው እንዳይጮኽባት ክንፉን አላዞረችም። እሷ! ብሎን በሥዕል የምታስቀምጠዋ! ለእኔ ይሉኝታ ስትል ልክ መጠበቅ ረሳች።

«አባባ፣ ቆይ» አለች ጣቷን አንስታ። «የመጀመሪያዋ ጠብታ ከውጪው ላይ ሳይጠረግ የቀረ አሮጌ ዘይት ብትሆንስ? ከዚያ በኋላ የወጣው ሁሉ እኮ የእኛው ትርፍ ነው። ሞልተን ሞልተን፣ ሲሞቅ የት ይሂድ?»

ሞዞው አንድም ቀን አላፈሰሰም ነበር፣ ልጄ። ያፈሰስነው እኛ ነን። ሳቅን። እናትህ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም፤ እሷ የጉረኛውን ጎማ ተደግፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ሳቁ ሲበርድ ተነሳችና ካፖርቴን አስወለቀችኝ፣ ዘይቱ ሳይደርቅ ልታጥበው። እዚያ ለብሰኸው ቆይተህ፣ ከወደቡ ዕቃ በሚያመላልሰው ሹፌር እጅ የላክህልኝ ያንተ ካፖርት ነው። አንደኛውን ቁልፍ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

«አባባ፣ ሌላም የደበቅነው ነገር አለ አይደል?»

ባዶውን ብርጭቆ ማገላበጥ ጀመርኩ።

«ይሄን ቁልፍ የሰፋሁት እኔ አይደለሁም» አለች። «እሱ ደግሞ ቁልፍ መስፋት አይችልም። ሰፊ ለደንበኛ እንዲህ አይደክምም፤ ክሩ ሳይጠብቅ ሳይላላ፣ ጀርባው ሁሉ ተሸፍኖ። ካፖርቱ የመጣ ዕለት ነው ያወቅኩት።»

ካፖርቱ የመጣው ባለፈው አጨዳ ላይ ነበር። ከአጨዳ እስከ እርሻ ይህን ይዛ ሻይዬን አቅርባልኛለች፣ ጣቶቼን በሙቅ ውኃ አሽታልኛለች፣ ስለ አንተ ሳወራ እየሰማች «አዎ አባባ» ብላለች።

«ለምን ዝም አልሽ?»

«እርስዎ ሲሰሙ አንገትዎን እንዳይደፉ ብዬ ነዋ። እርሻው እስኪያልቅ ልጠብቅና በሰላም እሄዳለሁ አልኩ። ጉረኛው እንደተበላሸ ትቼዎት ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም።» ቁልፉን ደግማ አየችው። «ጥሩ እጅ አላት» አለች።

ይህን ያለችው ሳትመርር ነው። እኔ ግን አለቀስኩ፣ አልዋሽህም። ለካ ያ ሁሉ ልፋት፣ ጨርቁ፣ ጠመኔው፣ መቀሱ፣ የመሰናበቻ ስንቅ ኖሯል። እኔ ሣጥኔ ላይ ተቀምጬ «ጎበዝ» እላለሁ።

እንዲህ አልኳት፤ አንተም እንዳለ ስማው። «ልሂድ ካልሽ መንገዱ ያንቺ ነው፤ አልይዝሽም። ሂጂ የሚል ቃል ግን ከእኔ አፍ አይወጣም። ይሄ ቤት ቤትሽ ነው። በእሱ በኩል አይደለም፤ በእኔ በኩል ነው።»

 ካፖርቱን መሪው ላይ ጣለችና ክንፉን ይዛ አዞረችው። ቺንጋው ጮኸ፤ ይጩህ፣ ማንን ፈርተን! የመሙያውን ቀዳዳ ወደ ጎን አመጣች፣ ብርጭቆዬን ከሥሩ ደቀነች፣ ትርፉ ዘይት እየተንዠቀዠቀ ወረደ። ልኩ ላይ ሲደርስ ራሱ ቆመ። መዝጊያውን አጠበቀች፣ እጇን ጠረገችና ዞር አለችብኝ።

«ከእንግዲህ እዚህ ሞዞ ላይ ዘይት የምጨምረው እኔ ብቻ ነኝ። ዘንድሮም፣ የሚመጣውም ዓመት። እርስዎ እጅዎን ያንሱ፤ ሰምተውኛል?»

«ሰምቻለሁ» አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ከልክሎኝ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ይኸው ነው ወሬው። ጉረኛው ከዚያ ወዲህ ይፎክራል፤ አንዲት ጠብታ የለም። ባለ ቆቡ በየቀኑ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ያያል፣ ከዚያ ቆቡን አስተካክሎ ይሄዳል። አሁን ይህን ስጽፍልህ የስፌት መኪናዋ ከክፍሏ ይሰማኛል፤ መቀሱም ተስሎ መጥቷል።

አሁን ወደ መልሴ። ቃልህን አላደረስኩልህም፤ ሳልነግራትም ታውቀዋለች። የቀረው ያንተ አፍ ነው፤ ያንን ደግሞ እኔም ሹፌሩም ልናደርስልህ አንችልም። ተቀይሜሃለሁ። እወድሃለሁም፤ በአንድ ሆድ ውስጥ ሁለቱም ይኖራሉ፣ አባት ስትሆን ታውቀዋለህ። እዚያ ያለችውንም አልረግማትም፤ ለአንድ ቁልፍ እንዲያ የደከመች ሰው ክፉ ልትሆን አትችልም። ፈጣሪ እጅህን ከጉዳት፣ ዓይንህን ከክፉ ይጠብቅልህ። ያ የምትነዳው ክሬን ከላይ ሆኖ አይክዳህ። ሥራህ ይቃናልህ፣ እንጀራህ አይንጠፍብህ፣ ልብህም ቀጥ ብሎ የሚናገርበት ቀን ይምጣልህ።

ስትመጣ፣ መምጣትህ እንደሆነ አይቀርም፣ ዱሮ እንደምታደርገው በሩን ገፍተህ አትግባ። አንኳኳና ቆም በል። ወጥታ የምትከፍትልህ ልጄ ናት።

አባትህ